ልሳናቸውን ሳናውቅ ሕፃናትን ስለ ማገልገል

ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ለስብከተ ወንጌል ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ አገልጋይ፣ በጂንካ አልፎ ወደ ቱርሚ ሲዘልቅ አስቀድሞ የሚያሳስበው ትምህርቱን በሐመር ልሳን የሚያስተረጕምለት ሰው ማግኘት ነው። ይህ አሳብ ለዐዋቂዎች ጉባኤ የተገባ ቢሆንም፣ በሕፃናት ዘንድ ግን አስተርጓሚው ከሚያገናኝበት ጊዜ የሚለይበት ይበዛል፤ ሕፃን የሚያዳምጠው የተናጋሪውን ፊት እየተመለከተ ነውና፣ ቃሉ ከሌላ አፍ በመጣ ጊዜ ዐይኑም ወደዚያው ይሄዳል፣ እንግዳውም እንደ ግድግዳ ሥዕል ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚውን በመጀመሪያው ሰዓት ከግራር ጥላ ሥር እንዲያርፍ እለምነዋለሁ፤ እርሱም ቅር ሲለው አላየሁም።

በዚያ መንገድ ያሉ ልጆች እንግዳን የሚያውቁት በመኪና መጥቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ብር ከፍሎ የሚያልፍ ፍጥረት አድርገው ስለ ሆነ፣ ለባዶው የውኃ ፕላስቲክ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ቢከተሉን የሚነቀፉ አይደሉም። ከረሜላ በመበተን ወዳጅነትን መጀመር ግን ይህንኑ ልማድ በአንገታችን መስቀል አንጠልጥለን መቀጠል ነው። ደብተርና እርሳስ ተይዞ እንደ ሆነ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይሰጥ፤ አገልጋዩ ወደ ልጆቹ ባዶ እጁን ይቅረብ።

ባዶ እጁን ለመጣ ሰው የሚቀርለት አንድ ማዕርግ አለ፤ እርሱም ተማሪነት ነው። በቱርሚ አጠገብ ያለው የካስኬ ወንዝ በደረቀ ጊዜ ልጆች አሸዋውን በረድፍ እየማሱ፣ ከገበጣ ወገን የሆነ የጠጠር ጨዋታ ሲጫወቱ ያገኘ አገልጋይ ዝም ብሎ አጠገባቸው ይቀመጥ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአካባቢዋ ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶች ተመዝግበዋልና፣ በልጅነቱ በጎጃም ወይም በሸዋ የተጫወተ ሰው ሕጉን የሚያውቅ መስሎት ሁለተኛውን ጠጠር ሳይጥል ይሳሳታል። ያን ጊዜ አንድ ትንሽ ፍየል ጠባቂ የጢማሙን መምህር እጅ ይዞ ጠጠሩን ወደ ስፍራው ይመልሳል፣ በጣቱም እያመለከተ ሕጉን ያስረዳዋል፤ ጓደኞቹም ይስቃሉ። ቀኑን ሙሉ በታላላቆቹ ሲታረም የሚውል ልጅ፣ ታላቅ ሰውን የማረም ሥልጣን ባገኘባት በዚያች ሰዓት ልቡን ይከፍታል፤ ይህንም ረጅም ስብከት አያመጣውም። የስማቸውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ልጁ ራሱ በቃህ እስኪል ድረስ ስሙን ደጋግሞ መጥራት፣ ስሕተቱንም ለሳቃቸው መተው ይገባል።

መዝሙር ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ አጭር፣ ተቀባይ ያለው፣ በእጅ ምልክት የሚታገዝ ይሁን። ከበሮውንም አገልጋዩ ብቻውን ይዞ አይቁም፤ ሰፊውን አፍ አንዱ፣ ጠባቡን ሌላው ይምታው። ልጆቹ የራሳቸውን ጭብጨባ ሲጨምሩበት ዜማው ተበላሸ ብለው የሚያዝኑ ወንድሞች አሉ፤ ነገር ግን ይህ በቅኔ ማሕሌት የሚቆም ያሬዳዊ ዜማ ሳይሆን የሕፃናት መዝሙር ነውና፣ እኔ አልከለክልም። ምሥጢሩን የመግለጥ ተራ ሲደርስ፣ በትምህርት ቤት ጥቂት አማርኛ የቀመሱት ልጆች ለታናናሾቻቸው ራሳቸው ያስረዷቸዋል።

እንዲህ ያለ ወዳጅነት ግን አብሮ መኖርን ይፈልጋል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተሾመው ፍሬምናጦስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፣ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ከወንድሙ ጋር ተማርኮ፣ ገና ልጅ ሳለ ነበር፤ ከመሾሙ አስቀድሞ በዚያ በአገልጋይነት ኖሯል። ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ግን በየዓመቱ አዲስ ሰው ይልካሉ፣ የሚቈጥሩትም የተጠመቁትንና የተጠናውን መዝሙር ነው። እኔ የምመርጠው ባለፈው ዓመት በአሸዋው ላይ የተቀመጠው ያው ሰው እንዲመለስ ነው፤ ልጆቹ ስሙን ያውቃሉና፣ የጨዋታውንም ሕግ እንደ ገና ከመጀመሪያው አያስተምሩትም።