ባለሜዳ የሌለው ዓመት

የሀዋሳ ደጋፊ ሆኖ የውድድር ዓመትን መገምገም ድሮ ቀላል ነበር። ሜዳችን ላይ ስንት ነጥብ ጣልን? ከሜዳችን ውጭ ስንት ይዘን ተመለስን? ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለሁለቱም መልስ ነበረው። የ2013 የውድድር ዓመት ግን ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ነጠቀን። ከዚያ ወዲህ የምንከራከረው ስለ ቡድኑ ነው ወይስ ስለ ሰንጠረዡ፣ እኔ እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2012 ውድድር በኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ የሊግ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ሸጠ። ጨዋታዎቹም በተመረጡ ከተሞች ብቻ በየተራ ተካሄዱ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ መጨረሻ ላይ ሀዋሳ። በጦርነቱ ምክንያት ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ስላልነበሩ የተወዳደሩት 13 ቡድኖች ነበሩ። ቡድን ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ከሆቴል ሆቴል ይዞራል። ሰንጠረዡ ላይ «ባለሜዳ» እና «እንግዳ» የሚሉት ቃላት ቀርተዋል፣ ትርጉማቸው ግን ማን የትኛውን ማሊያ ይለብሳል ከማለት አላለፈም።

በዚያ ዓመት ጨዋታውን የማየው ፒያሳ ካለ አንድ ካፌ ነበር። ሁልጊዜ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የእኛ ስም በግራ በኩል ሲጻፍ አይቼ «ዛሬ ባለሜዳ እኛ ነን ጋሼ» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሜዳው ጅማ፣ እኛ ፒያሳ። ታዲያ ባለሜዳው ማነው?» አሉኝ። ሳቅን። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ጥያቄው አብሮኝ ወጣ።

ጋሼ ይህን የማለት መብት አላቸው። በ1996 ሀዋሳ ዋንጫ ሲያነሳ ስታዲየም ነበሩ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ክለብ ሻምፒዮን ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1999 ደግሞ ደገምነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው ግቡን ሳይሆን ድምፁን ነው። ያ ድምፅ ለተጋጣሚ ፍርሃት፣ ለእኛ ልጆች ጉልበት ነበር። በዚያን ጊዜ ክለቡ «ሀዋሳ ከነማ» ይባል ነበር፤ ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ ክለቡ የማን እንደሆነ ይናገር ነበር። ዛሬ «ከተማ» ሆኗል። ነዋሪውና ማኅበሩ ከስሙ ወጥተው ከተማው ብቻ ቀረ ብል ቀልድ ነው፣ ግን እንደ 2013 ባለ ዓመት ቀልዱ ትንሽ ያማል።

የእግር ኳስ ትችት ከሆነ ነገሩን በሜዳ ቋንቋም መናገር አለብን። ሊግ ማለት ሁሉም ቡድን ሁሉንም ቡድን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቤቱ አንዴ በሰው ቤት፣ የሚገጥምበት ውድድር ነው። ፍትሑ ያለው እዚያ ላይ ነው። የአንተን ሙቀት፣ የአንተን ሣርና የአንተን ጩኸት እኔ እቀምሳለሁ፣ የእኔን አንተ ትቀምሳለህ። በዙር ውድድር ግን የአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ጥቅሙን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠቅልሎ ይወስዳል። ያ ጊዜ ተጫዋቾቹ ከተጎዱበት ወቅት ጋር ከገጠመ እድሉ አለቀ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ቻው። ለእኛ ተራው የደረሰው መጨረሻ ላይ፣ የዋንጫው ወሬ ወደ ሌላ ሰፈር ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙን ሙሉጌታ ምህረትን በዚያ ዓመት ነጥብ ብቻ የሚመዝን ሰው ግማሹን ሚዛን ረስቷል።

ደግሞ ለቅሶው የእኛ ብቻ አይደለም። ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው። ጎንደር ግን ልጆቿ ሻምፒዮን በሆኑበት ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ በሜዳዋ አላየችም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ይሁንና እውነቱን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ሰላም አልነበሩም። ድንጋይ የተወረወረበት፣ ዳኛ የተደበደበበት፣ እንግዳ ደጋፊ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆን ተብሎ የተሰጋበት ጊዜ ነበር። ያንን «የሜዳ ድባብ» ብሎ መናፈቅ ነውር ነው። ቴሌቪዥኑም ያመጣው በረከት አለ። አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ ክብረ ወሰን ሲይዝ አገር ሁሉ አየው። ድሮ ቢሆን ግማሹን በሬዲዮ፣ ግማሹን በወሬ ነበር የምንሰማው።

እንግዲህ ጥያቄው የድሮው ይመለስ ወይስ አይመለስ አይደለም። ጥያቄው ለሰላምና ለካሜራ ብለን የሰጠነው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ እናውቃለን ወይ ነው። እኔ ያወቅኩት ከሊጉ ሳይሆን ከብሔራዊ ቡድኑ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለተኛውን ግብ ያስቆጠረው ሽመልስ በቀለ ነበር፤ ከሀዋሳ የወጣ የእኛው ልጅ። ጋሼ ተነሥተው አጨበጨቡ። ጨዋታው በወረቀት የኢትዮጵያ ሜዳ ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም አልነበረም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ ጥር 2005፣ ሌላው የሀዋሳ ልጅ አዳነ ግርማ በአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ እንዲሁ በቴሌቪዥን ነበር ያየነው፣ ያ ግን ደቡብ አፍሪካ ስለሆነ አልከፋንም። በራስ «ሜዳ» ተጫውቶ በሰው አገር መጨፈር ግን ሌላ ነው። ክለብም አገርም ያው አንድ በሽታ ነው የያዛቸው።

ለዚህ ነው በዚያ ዓመት ቡድናችን ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ስትሉኝ የምቸገረው። ተጫዋቾቹን ማመስገንም መውቀስም እችላለሁ፤ የኋላ መስመሩ ሲዘናጋ ተናድጃለሁ፣ ወጣት ልጅ ሲገባ ደስ ብሎኛል። የሚጎድለኝ የራሴ ድርሻ ነው። ደጋፊ ከውጤቱ ላይ ትንሽዬ ድርሻ አለችው፤ ሲያሸንፉ «ጮኸን ነው» ይላል፣ ሲሸነፉም ጉሮሮው ደርቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ካፌ ውስጥ ስትጮህ የሚሰማህ አስተናጋጇ ብቻ ናት።

ውድድሩ በመጨረሻ ሀዋሳ ሲደርስ ጋሼን «እንሂድ እንጂ!» አልኳቸው። የኮቪድ ገደብ ነበር፣ ስታዲየሙ እንደ ድሮው አይሞላም። ትንሽ አሰቡና ሂሳባቸውን ከፈሉ። ከፒያሳ በባጃጅ ስንሄድ አንድም ቃል አልተናገሩም። ልንደርስ ስንል ብቻ «ድምፁ ከዚህ ጀምሮ ይሰማ ነበር» አሉ። ባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። ጆሯችንን አቀናን።