እንቁላሉ ከመከፈቱ በፊት

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ከገባ የገበሬ ዶሮዎች በጥቂት ቀናት ሊያልቁ ይችላሉ። መከላከያውን ክትባት አገር ውስጥ የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የክትባቱ ቫይረስ የሚራባው ደግሞ ሕይወት ባለው የዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው።

ባለሙያው የ9 ወይም የ10 ቀን እንቁላል በመብራት ያያል፤ የደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተው ከታዩ ፅንሱ በሕይወት አለ። ቅርፊቱን በአልኮል ጠርጎ ይበሳል፤ ቫይረሱን በመርፌ አስገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል።

እኔ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ቫይረሱ እንቁላሉ ውስጥ ከተራባ በኋላ፣ የያዘው ፈሳሽ ከመቀዳቱ በፊት እንቁላሎቹ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያድራሉ። ብርዱ የደም ሥሮቹን ስለሚያኮማትር ደም ከፈሳሹ ጋር አይቀላቀልም። ፅንሱም ቅርፊቱ ሳይከፈት ይሞታል፤ በሕይወት ሳለ መቀስ አይነካውም። ጫጩት የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ ቀድሞ ያልቃል።

ያልተፈለፈለ ጫጩትን እንደ እንስሳ የማይቆጥር ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ። ሕግ ባያስገድድም እንኳ ይህችን አንድ ሌሊት መጠበቅ የሙያው ጨዋነት ነው፤ ከላብራቶሪ ሥራ ሁሉ ሊቀር የማይገባውም እሱ ነው።