ቁስቋም ላይ ታሪክ ማስተማር

ተማሪዎቹን ይዞ ጎንደር የሚመጣ የታሪክ መምህር አስቀድሞ የሚያስበው ፋሲል ግቢን ነው። አልፈርድበትም። እኔ ግን ምርጫው ከተሰጠኝ ወደ ቁስቋም እወጣለሁ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው፣ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ ያሠሩት መኖሪያ ዛሬ ጣራም ወለልም የለውም። ለማስተማር የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙሉ ቤት መልኩን ብቻ ያሳያል፤ የፈረሰ ቤት አሠራሩን ከነሆዱ ይገልጣል።

ዝግጅቱ ከክፍል ይጀምራል። አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ እቴጌይቱም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር አገር መሩ። ተማሪው ይህን ሳያውቅ ከሄደ የሚያየው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ቀን ስመርጥም ከኅዳር 6 እሸሻለሁ፤ የቁስቋም በዓል ስለሆነ ሕዝብ ይበዛል። በግቢው ያለው ደብር አገልግሎት የሚሰጥ ስለሆነ አስቀድሞ ካህናቱን ማስፈቀድ፣ ተማሪዎቹንም ስለ አለባበስና ጫማ ስለ ማውለቅ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው።

ግቢው ውስጥ ስንገባ ማብራሪያ አልሰጥም። በትናንሽ ቡድን እከፍላቸውና አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ፦ «ይህ ቤት ስንት ደርብ ነበረው?» መጀመሪያ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቆይቶ አንዱ በግድግዳው ላይ በረድፍ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች ያያል፤ የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች የገቡባቸው ናቸው። ሌላዋ መወጣጫ የሌለው በር ከፍ ብሎ ታገኛለች። መልሱን ከግድግዳው ላይ ራሳቸው ስላገኙት አይረሱትም። ቀጥሎ ቀዩን ድንጋይ እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ በመሆኑ በግድግዳው ላይ ያሉት መስቀሎች የተሠሩት ከእሱ ነው። ግንበኛው ለጥንካሬና ለውበት የተለያየ ድንጋይ መምረጡን ሲረዱ፣ ታሪክ ከነገሥታት ስም ዝርዝር አልፎ የባለሙያ እጅም እንደሆነ ይገባቸዋል።

በመስኮቶቹ አጠገብ ደግሞ የ1770ን ፈንጣጣ አነሳለሁ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚያ ዓመት በቁስቋም የታመሙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች ሲያክም በርና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ዕጣንና ከርቤ አሳጥኖ፣ ክፍሎቹን በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ እንዳሳጠበ ጽፏል። በዚያን ጊዜ ልጆቹ መስኮቶቹን በሌላ ዓይን ያያሉ፤ እዚህ ቤት እንደ እነሱ ያሉ ልጆች ታመው ተኝተው ነበርና።

የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢዮአስ አፅም በደብሩ ተጠብቆ ይገኛል። ትናንሽ ልጆችን ወደዚያ አልወስድም፤ ከፍ ያሉትን ግን ቀድሜ አዘጋጅቼ፣ በአክብሮት ጸጥ ብለው እንዲቆሙ አደርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1888 በደርቡሾች ተቃጥሎ እንደገና መሠራቱንም ሳልነግራቸው አላልፍም፤ ጥፋቱንም ጥገናውንም ማወቅ አለባቸው።

ግድግዳ ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ለልጁም ለቅርሱም አደጋ ነውና። ከዚያ ውጪ ግን ያሻቸውን ያህል ይጠይቁ፣ ይለኩ፣ ይሳሉ። ስንመለስ የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው፦ ቤቱን ከነጣራውና ከነወለሉ ስላችሁ አምጡ፤ እያንዳንዱን መስመር ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ጉብኝቱ መሳካቱን የምለካው በዚህ ሥዕል ነው።

ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችሁን አምጧቸው፤ ስትደርሱም ዝም በሉና መጀመሪያ እነሱ ይዩት።