ራታቸው አምና ተሰናድቷል

«ዛሬ ራት ምን ልሥራ?» ከቢሮ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች እናት ሁሉ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ሰውነት ዝሏል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ሽንኩርቱ አልተከተፈም፣ እንጀራው ለነገ አይበቃም። እኔም ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ዓመታት ቤቴ ገብቻለሁ። አሁን ግን መልሱን አግኝቻለሁና ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም! ዶዮገና ሂዱ። ጓሮ ግቡ። እዚያ፣ ከእግራችሁ ሥር፣ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነና ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ አለ። የዛሬው ራት ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ የተሰናዳው ደግሞ አምና ነው።

ዶዮገና በከምባታ ዞን፣ ከሆሳዕና በስተደቡብ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበበው ተዳፋት በእርከን ተይዟል፤ የእርከኑ ጠርዝ ደሾ ሣር ተተክሎበታል፤ በመሃሉ ድንች፣ ስንዴ፣ ባቄላና ጎመን ይበቅላሉ። የዶዮገና በግም ስሙ የታወቀ ነው። ቤቱን ከጀርባና ከጎን አቅፎ የያዘው ግን እንሰት ነው። ትንንሾቹ ችግኞች በአንድ በኩል፣ ጎረምሶቹ በሌላ በኩል፣ ለመፋቅ የደረሱት ግዙፎች ደግሞ ለብቻቸው። እኔ ያረፍኩት አስተማሪ የሆነች ወዳጄ ቤት ነበር። ባሏም ደመወዝተኛ ነው፤ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ የቤት ሠራተኛ የላቸውም። ወዳጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ እሳት አነደደች፤ የልጆቹን የቤት ሥራ እያየች፣ ከእኔም ጋር እያወራች፣ ገና ጨዋታችን ሳይደምቅ ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ቀረበ። «መቼ ሠራሽው?» አልኳት። «እሱማ አምና ያለቀ ሥራ ነው እኮ!» አለችኝ። ነገሩ ለእሷ ተራ ነበር። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግሥቱ የባሏን እናት ተከትዬ ጓሮ ገባሁ። እማማ ትዕግሥታቸው የሚገርም ነው፤ የጠየቅኳቸውን ሁሉ አሳዩኝ። እንሰት እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ከተተከለ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ለመፋቅ ይደርሳል። ሲደርስ ይቆረጥና ግንዱን የሠሩት ወፋፍራም የቅጠል እግሮች አንድ በአንድ ይላጣሉ። አንዷ ሴት የተላጠውን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ታደርግና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጩ ሥጋ ከታች በተነጠፈው ቅጠል ላይ ይረግፋል፤ በእጇ የሚቀረው ቃጫ ነው፤ እሱም ገመድና ጆንያ ይሆናል። ከመሬት ሥር ያለው አምቾ ይፈጫል፤ ከተፋቀውም ጋር ይደባለቃል። ከተፋቀው ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ይጠራቀምና ከሥሩ እንደ ወተት የነጣ ዝቃጭ ይቀራል። እሱ ቡላ ነው። ከአንድ ተክል ቆጮ፣ ቡላ፣ አምቾ፣ ቃጫ! ቅጠሉስ? ቅጠሉ ጉድጓዱን ያለብሳል፣ ዳቦውን ይጠቀልላል፣ ገበታ ይሆናል፤ የተረፈው ለከብት ይሰጣል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ፤ ልቤን የሰረቀው እሱ ነውና። ጉድጓዱ ወለሉም ግድግዳውም በእንሰት ቅጠል ተደራርቦ ይለብሳል። የተፋቀው ከእርሾ ጋር ታሽቶ፣ ተረግጦና ተጠቅጥቆ ይገባል። ከላይ እንደገና ቅጠል፣ ከዚያ ድንጋይ። ድንጋዩ አየርን አስወጥቶ ያፍናል። አየር ሲጠፋ ምግብ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ይዳከማሉ፤ እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ግን ይነግሣሉ። እነዚህ የሚያመነጩት አሲድ ቆጮውን ያኮመጥጠዋል፤ ሻጋታና ብስባሴንም ያርቅለታል። አልፎ አልፎ ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ያረጀው ቅጠል ይለወጣል፣ ቆጮው ይገላበጣል፣ እንደገና ይታፈናል። በጥቂት ሳምንታት ለመበላት ይደርሳል፤ በወጉ ከተያዘ ደግሞ ወራትን፣ ዓመትንም አልፎ ይቆያል። ያለ መብራት! ያለ ፍሪጅ! የእኔ ፍሪጅ መብራት በጠፋ ቁጥር የሳምንት ድካሜን ይዞብኝ ይሄዳል፤ የእማማ ጉድጓድ ስለ መብራት ሰምቶም አያውቅ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የጊዜው አያያዝ ነው። በየቤታችን ቀድሞ ማሰናዳት ስንል ለነገ ወይም ለሳምንት ማሰባችን ነው። እኛም ዘንድ እኮ ይህ ጥበብ አለ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ ሁሉ ከወራት በፊት የተሠራ ምግብ ነው። እንሰት ግን ከዚህም ይርቃል። የዛሬ ስድስት ዓመት የሚበላው ዛሬ ተተክሎ ቆሟል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የሚበላው አጠገቡ ነው፤ የዘንድሮው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እህል ካልታጨደ ይረግፋል፤ እንሰት ግን «ቆይ» ሲሉት ይቆያል። ወሩን ጠብቆ የመሰብሰብ ግዴታ የለበትም። ቤቱ ሲቸግረው ከወትሮው ቀደም ብሎ ይቆረጣል፤ ሲመቸው ይቆያል፣ ይወፍራል። በአውሮፓውያኑ 1997 የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበርና የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር ባወጡት ጥናት እንደ ተጠቀሰው፣ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ላይ የተተከለ ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንሰት አምስት ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተሰብ ሊመግብ ይችላል። ጥናቱ እንሰትን ረሃብን የሚከላከል ዛፍ ብሎታል። 375 ካሬ ሜትር እኮ የአንድ ግቢ ስፋት ነው! ከ20 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን በዚህ ተክል ላይ ተደግፈው እንደሚኖሩ ይነገራል፤ ለምግብነት አልምቶ የያዘውም የዓለም ሕዝብ እኛ ብቻ ነን።

ወዳጄ ሳምንቷን እንዴት እንደምትመራ ልንገራችሁ፤ ለሥራ ሰው ትልቁ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከጉድጓዱ የሳምንቱን ያህል ታወጣለች። ውሃው እስኪወጣ ድረስ በደንብ ትጨምቀዋለች። ከዚያ በቢላ ደጋግማ ትከትፈዋለች፤ ቀጫጭን ቃጫ ውስጡ ስለሚቀር ካልተከተፈ ለልጆች አይመችም። ትነፋውና በየራቱ ልክ ከፋፍላ በቅጠል ትጠቀልለዋለች። ጎመኑን እሑድ ትቀቅላለች። በሥራ ቀን የሚቀራት አንዱን ጥቅል ፈታ፣ አሽታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና ምጣድ ላይ መጣል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ትገለብጠዋለች፤ በቃ። የተጋገረውም ቆጮ ቶሎ አይደርቅም፤ የማታው ትራፊ ጠዋት ምጣድ ላይ ሞቅ ተደርጎ የልጆች ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ልጅ ሲታመም ወይም እናቲቱ ሲደክማት ደግሞ ቡላ አለ። ደረቅ ቡላ ዱቄት ስለሆነ ብዙ ይቆያል፤ ውሃ ወይም ወተት ሲፈላ ጨምሮ ማማሰል፣ ቅቤ ጣል ማድረግ፣ ማቅረብ። አራስ የሚታረስበት ምግብ በሥራ ቀን ምሽት በሩብ ሰዓት ይደርሳል!

ይህን ሁሉ ስል ቆጮ ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢ የሆነው ፕሮቲን በውስጡ በጣም ትንሽ ነው። የዶዮገና ገበታ ይህን ከጥንት ያወቀ ይመስለኛል፤ ቆጮው ወተት፣ አይብ፣ ባቄላ ወይም ጎመን ሳያስከትል ሲቀርብ አላየሁም። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ጥምረት እንዳይለያየው አደራ እላለሁ።

ከምግቡ በላይ ግን በዚያ አካባቢ ቀድሞ ማሰብ የብቻ ሸክም አለመሆኑን ወደድኩት። ለምሳሌ የከምባታ ጎረቤቶች የሆኑት ሐዲያዎች የዘመን መለወጫቸውን ያሆዴን በመስከረም ያከብራሉ። ዝግጅቱ ግን ከወራት በፊት ይጀመራል። ሴቶቹ ዊጆ ይገባሉ፤ ዊጆ ቅቤ በጋራ የሚጠራቀምበት ማኅበር ነው። ወንዶቹ ደግሞ ቱታ ይገባሉ፤ ለበዓሉ ሰንጋ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድመው ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሲደርስ ማንም ቤት ድንጋጤ የለም። ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው አተካና ይቀርባል፤ እሱን የቀመሰ ሰው ስለ ጣፋጭ ምግብ ያለው አስተያየት ሁሉ ይለወጣል! ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ ቅቤው ከላይ ያንጸባርቃል። እኔ እስክጠግብ በላሁ፤ ከጠገብኩም በኋላ በላሁ።

ኮሪያውያን ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የወራት ኪምቺ የሚያሰናዳበት ልማድ አላቸው፤ ኪምጃንግ ይሉታል። ዩኔስኮ በአውሮፓውያኑ 2013 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዘገበው። የዓለም የምግብ መጽሔቶች ስለ ኪምቺ ጽፈው አይጠግቡም፤ ይገባዋልም። ግን የዶዮገና ጉድጓድ ከዚህ በምን ያንሳል? እዚህም መብላላት አለ፣ እዚህም ማፈን አለ፣ እዚህም የጎረቤት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት የወራት ምግብ አለ። ያውም እኛ ጋ ተክሉን ራሱን ለዓመታት ማሳደግ ይጨመርበታል።

ሥራው ቀላል ነው የሚል ግን እማማን አላየም። መፋቅ ወገብ ይቆርጣል፤ ሸክሙ ደግሞ በአብዛኛው የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። ጎረቤታሞቹ ዛሬ ላንቺ፣ ነገ ለእኔ እየተባባሉ ስለሚፍቁ ነው የሚቻለው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች መፋቂያ፣ መፍጫና መጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተዋል፤ ከጉድጓድ ሌላ ቆጮ የሚብላላባቸውን ንጹሕ ዕቃዎችም ሞክረዋል። ይህን ስሰማ በደስታ ጮህኩ። እነዚህ ነገሮች በየቀበሌው፣ በየሴቶች ማኅበሩ እጅ መግባት አለባቸው፤ ለቆጮ ከሚደረግ ውለታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታም እንዲሁ ትኩረት ይሻል። ለዚህ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላውን በእሳት ማጽዳት ዋናው ጥንቃቄ ነው፤ እማማም ከተክል ወደ ተክል ሲሻገሩ ቢላቸውን እሳት ያስነኩታል።

እሺ፣ ጓሮ የሌለን የከተማ ሰዎችስ? አለን እንጂ የምናደርገው! አዲስ አበባ መርካቶ ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ቡላም በየሱቁ ታሽጎ ይገኛል። ቆጮ ስትገዙ ነጣ ያለውንና ሽታው የማይቆረቁረውን ምረጡ። ቤት ስትደርሱ በዚያው ቀን ጨምቁት፣ ክተፉት፣ በየራቱ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት። የኮባ ቅጠል ካገኛችሁ አትለፉት፤ መዓዛው ከእሱ ነው። ካላገኛችሁም ምጣዱን ከድናችሁ በለስላሳ እሳት ጋግሩት። ልጆቼ መጀመሪያ ጣዕሙ እንግዳ ሆነባቸው፤ በአይብና በትንሽ ሚጥሚጣ ስሰጣቸው ግን ምጣዱ ዳር ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ የቆጮ ቀን ናቸው። በእነዚያ ቀናት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለ ራት አላስብም፤ መጽሐፍ አነባለሁ።

ከሁሉ ያኮራኝን ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ያለን እናቶች ተሰብስበን ለመጪው መስቀል ዊጆ ገብተናል። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዷ ሱቅ አላት፤ ሁላችንም በሥራ የተወጠርን ነን። ወር በገባ ቁጥር እያንዳንዳችን የድርሻችንን ቅቤ ይዘን እንመጣለን፤ ቡና ይፈላል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ይቀመጣል። ለዶዮገናዋ ወዳጄ ደውዬ ስነግራት በስልክ እልል አለች! የአተካናውን አሠራር የሚያሳዩን እማማ ናቸው፤ በበዓሉ ዋዜማ እኔ ዘንድ ሊመጡ ቃል ገብተዋል። ቡላው ተገዝቷል፣ ቅቤው እየተጠራቀመ ነው፤ የቀረን ወተቱ ብቻ ነው።