ባሕር በማይታይበት ቦታ የባሕርን ሙላትና ጉድለት ማስተማር

የባሕር ሙላትና ጉድለት በጂኦግራፊ ትምህርት ውስጥ ጥቂት ቦታ ከሚሰጣቸው አርእስት አንዱ ነው። በክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም «ጨረቃ ውኃን ወደ ራሷ ስለምትስብ ባሕር ይሞላል» የሚል ነው። ቀጥሎም ምድር በሁለት ወገን ባበጠ ውኃ ተከባ የምትታይበት ሥዕል ይመጣል። ተማሪው ሁለቱንም አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሩና ሥዕሉ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ጨረቃ ውኃውን ወደ ራሷ ብቻ የምትስብ ከሆነ፣ በተቃራኒው ወገን ያለው ውኃ የሚያብጠው ለምንድን ነው?

ይህ ችግር በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ ጎልቶ ይታያል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ባሕር አላዩም፤ የሚያውቁት ሰፊ ውኃ ወላይታን በደቡብ ምሥራቅ የሚያዋስነው የአባያ ሐይቅ ነው። አባያ በዝናብ፣ እንደ ብላቴ ባሉ ወንዞች ፍሰትና በነፋስ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ፣ ጨረቃን ተከትሎ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል አይታይም። አስተዋይ ልጅ «ጨረቃ ባሕርን ከሳበች አባያን ለምን ትተወዋለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የተሸመደደው ዓረፍተ ነገር መልስ አይሰጠውም።

መልሱ የሚገኘው በስበቱ መጠን ሳይሆን በስበቱ ልዩነት ነው። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ስበት ከርቀት ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለጨረቃ የቀረበው የምድር ወገን ከመካከሉ ይልቅ በጥቂቱ በርትቶ ይሳባል፤ የራቀው ወገን ደግሞ ከመካከሉ ይልቅ በጥቂቱ ላልቶ ይሳባል። የቀረበው ውኃ ሲቀድም የራቀው ወደ ኋላ ስለሚቀር እብጠቱ ሁለት ይሆናል። ምድር ስትሽከረከር ጨረቃም በምሕዋሯ ስለምትራመድ፣ በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ከአንድ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል።

ይህ ልዩነት ከምድር ስበት ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ኃይል ውኃን ወደ ላይ አንሥቶ ሊያቆም አይችልም፤ ነገር ግን በሺህ ኪሎ ሜትሮች በተዘረጋ ውቅያኖስ ላይ ውኃውን ወደ ጎን እያንሸራተተ ሊያከማች ይችላል። አባያ ግን ከዳር እስከ ዳር መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከእርሱ እጅግ በሚሰፉት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች እንኳ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ሙላት ከ5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ስለሆነም የአባያ ጸጥታ ሕጉን ያስረዳል እንጂ አያፈርሰውም።

ስለ ፀሐይ የሚሰጠው ትምህርትም መታረም ይገባዋል። «ፀሐይ ሩቅ ስለሆነች ስበቷ ከጨረቃ ያንሳል» ማለት ስሕተት ነው። የፀሐይ ግዝፈት ከጨረቃ 27 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ርቀቷም 390 ጊዜ ያህል ይበልጣል። 27 ሚሊዮን ለ390 ሁለት ጊዜ ቢካፈል 178 ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ፀሐይ ምድርን የምትስበው ከጨረቃ 178 ጊዜ ያህል በርትታ ነው። የስበት ልዩነት ግን በርቀት ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ ይኸው ቍጥር አንድ ጊዜ ደግሞ ለ390 ሲካፈል 0.46 ያህል ይቀራል። በባሕር ሙላት ረገድ የፀሐይ ድርሻ ከጨረቃ ድርሻ ግማሽ የማይሞላውም በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ማካፈል የሚያውቅ ተማሪ ይህን በራሱ እጅ ሊደርስበት ይችላል።

ሥዕሉም ቢሆን ምድር ሁሉ በውኃ የተሸፈነች አስመስሎ የተሣለ ስለሆነ ወሰኑ ሊነገር ይገባል። ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር፣ በሰሜንና በደቡብ ጫፎች ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ሙላት ሲታይ፣ በመካከሉ በፖርት ሱዳን አጠገብ ለውጡ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። አንዱ ጫፍ ሲሞላም ሌላው ይጎድላል። የየባሕሩ ቅርጽና ጥልቀት የሰማይ አካላትን ያህል ይወስናል ማለት ነው።

ለዚህ ትምህርት የወላይታ ልጆች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። የጊፋታ በዓል የሚውልበትን ጊዜ የአገር ሽማግሌዎች የጨረቃን ዑደት ተከታትለው ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ የፋሲካ ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብም የጨረቃን ዕድሜ በአበቅቴ ይዞ ይጓዛል። ተማሪዎች ለአንድ ወር ጨረቃን በየምሽቱ እያዩ ቅርጿን በደብተር ቢመዘግቡ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከምድር ጋር በአንድ መሥመር የሚቆሙት ጨረቃ በምትሰወርበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ መሆኑን ይረዳሉ። ያን ጊዜ ኃይላቸው ስለሚደመር ታላቁ ሙላት ይደርሳል፤ ጨረቃ በግማሽ ስትታይ ደግሞ አንዱ የሌላውን ስለሚቀንስ ሙላቱ ያንሳል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ክፍለ ጊዜ አይበቃም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የምሽቱ ምዝገባ ክፍለ ጊዜም፣ መሣሪያም፣ በጀትም አይሻም። መለወጥ ያለበት ከሁሉ አስቀድሞ የፈተናው ጥያቄ ነው። «የባሕር ሙላት ምክንያት ምንድን ነው?» ተብሎ እስከ ተጠየቀ ድረስ መምህሩም ተማሪውም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይደጋግማሉ። በምትኩ «የአባያ ሐይቅ ከጨረቃ ጋር ሲሞላና ሲጎድል የማይታየው ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በሽምደዳ ስለማይገኝ ትምህርቱም እንደ ጥያቄው ይለወጣል።