ስለ ብጉርና ስለ ችፌ አለያየት የቀረበ አጭር ሂስ

ሰው ሰውን አስቀድሞ የሚያውቀው በፊቱ ነው። በሐዋሳ ከተማ፥ ከሐይቁ አጠገብ ባለው በጉዱማሌ፥ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን ለማክበር ሲሰበሰብ ሽማግሌው ለምርቃት፥ ጎረምሳውና ኮረዳዪቱ ለጭፈራ የሚወጡት በጠራ የቀን ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መካከል የመዘገበው ይህ በዓል ሰው የሚታይበት እንጂ የሚሸሸግበት ቀን አይደለም። ስለዚህም ፊቱ ላይ ብጉር የወጣበት ወጣት በዓል፥ ሠርግ ወይም የምረቃ ቀን በቀረበ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቶሎ የሚያጠፋ ቅባት አለ ወይ?» ይላል። መልሱም «አለ» ነው። ችግሩም የሚጀምረው «አለ» ከሚለው ከዚሁ መልስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፊት ቆዳ ሕመም እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚታከም የተለመደውን አሠራር መመርመር ነው። ምርመራችንም በሦስት ነገሮች ላይ ያተኩራል፤ እነርሱም ለሕመሙ የምንሰጠው ስም፥ ከመጽሐፍ የተማርነው ምልክትና ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ቅባት ናቸው። ሦስቱም ላይ ያለው ጉድለት ሥሩ አንድ መሆኑን፥ ይኸውም ሳይለዩ ማከም መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። አማርኛ ለቆዳ ሕመም ስም አላጣም። ጭርት፥ ቋቁቻ፥ እከክ፥ ለምጽ፥ ማድያት፥ ፎሮፎር፥ ቁንጭር፥ ችፌ እያለ እያንዳንዱን ለይቶ ይጠራል። ነገር ግን ሕመሙ ፊት ላይ የወጣ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ ሀብት ይረሳና ትንሽም ትልቅም፥ የሚያሳክክም የማያሳክክም እብጠት «ብጉር» በሚል አንድ ስም ይጠቀለላል። አንድ ስም አንድ መድኃኒት ይጠራል። ወጣቱ «የብጉር ቅባት ስጡኝ» ባለ ጊዜ ሻጩም የሚያነሣው ያንኑ አንድ ቅባት ነው። እንግዲህ ስሕተቱ የተሠራው ቅባቱ ከመደርደሪያው ከመውረዱ በፊት ነው ማለት ነው።

እውነተኛው ብጉር የሚነሣው ከጠጉር ሥር ካለችው ከረጢት ነው። በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሆርሞን የወዝ አመንጪ ዕጢዎችን ያነቃቃል፤ የከረጢቲቱ አፍ በሞቱ ሕዋሳት ይደፈናል፤ ወዙ በውስጥ ይጠራቀማል፤ በቆዳ ላይ የሚኖረው ኪውቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው ባክቴሪያ በዚያ ይራባል፤ ከዚያም ብግነት ይከተላል። ስለዚህ የብጉር ዋና ምልክቱ እብጠቱ ወይም መግሉ ሳይሆን የተደፈነችው ቀዳዳ ናት። አፏ ክፍት ከሆነ ጥቁር ነጥብ፥ ዝግ ከሆነ ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች። ጥቁርነቱም እድፍ አይደለም፤ የቆዳው ቀለምና ወዙ አየር ሲያገኛቸው የሚይዙት መልክ ነው። በሳሙና ደጋግሞ መፈተግም አያጠፋውም፤ ይልቁንም ቆዳውን ያቆስላል።

ችፌ ስንል ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያሳክከውን፥ የሚላጠውን፥ አንዳንድ ጊዜም ውሃ የሚቋጥረውን የቆዳ ብግነት ማለታችን ነው። ይህ ቀዳዳ አይደፍንም። መልኩም ብዙ ነው። አንዱ በቅንድብ፥ በአፍንጫ ግራና ቀኝ ባለው እጥፋትና በጠጉር ዳር ላይ የሚወጣው፥ ከፎሮፎር ጋር ወንድማማች የሆነው ነው። ሁለተኛው ከቆዳው ጋር ያልተስማማ ነገር ሲነካው የሚቆጣው ነው፤ ለምሳሌ ሽቶ ወይም ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የጠጉር ቀለም ያመጣዋል። ሦስተኛው በአፍ ዙሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ሆኖ የሚወጣው ነው። ይህ ሦስተኛው ከከንፈሩ ጠርዝ ቀጥሎ ያለውን ጠባብ መስመር ሳይነካ ስለሚተው በቀላሉ ይታወቃል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ብጉር ይባላል።

እንግዲህ ማንም ተማሪ በመስተዋት ፊት ቆሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የተደፈነ ጥቁር ወይም ነጭ ነጥብ አለ ወይ? ዋናው ስሜት ማሳከክ ነው ወይ? ለፊተኛው «አዎን»፥ ለኋለኛው «አይደለም» ከሆነ መልሱ ወደ ብጉር ያደላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ወደ ችፌ ያደላል። ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ስላለ ሐኪም መጠየቅ አይቀርም፤ ነገር ግን ጥያቄዎቹ ብዙ ስሕተት ያስቀራሉ።

ሁለተኛው ሂሳችን በመጻሕፍቱ ላይ ነው። የሕክምና ተማሪ ብግነትን ሲማር አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ቅላት» የሚለው ነው። ብጉሩ ይቀላል፥ ችፌው ይቀላል፥ ፊቱ ይቀላል ይባላል። በገጹ ላይ ያለው ሥዕልም አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ሰው ፊት ነው። ይህን የተማረ ሰው ጉዱማሌ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፊት ቢመረምር የሚፈልገውን ቅላት በአብዛኛው አያገኝም። ብግነቱ ግን አለ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነት የሚታየው ጠቆር ያለ፥ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አመድማ ያደላ መልክ ይዞ ነው። ፎሮፎር መሰሉ ችፌም ከአካባቢው ቆዳ ፈዘዝ ያለ ቅርፊታም ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ ቋቁቻ ወይም የለምጽ መጀመሪያ ነው ተብሎ ሰው ይደነግጣል።

ይህ ጉድለት የቆየ ነው። የአሜሪካው ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የቆዳ ዓይነቶች አከፋፈል እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሲነሣ ግን የታሰበው ነጭ ቆዳ ያላቸው ሕሙማን የሚችሉትን የጨረር መጠን ለመወሰን ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ የተጨመሩት በኋላ ነው። እርማቱ ከተማሪ መምጣቱ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት ሊሆነን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በለንደን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ከሁለት መምህራን ጋር ሆኖ «ማይንድ ዘ ጋፕ» የተባለ፥ የበሽታ ምልክቶች በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚታዩ የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሥራው ታላቅ ግኝት አይደለም፤ ማንም ዐይን ያለው ሰው ሊያየው የሚችለውን አይቶ መጻፉ ነው ዋጋው።

በምግብም ረገድ እንዲሁ ያልተመረመረ ንግግር ብዙ ነው። በዓል ካለፈ በኋላ ብጉር የወጣበትን ሰው «ቅቤ በልተህ ነው» ይሉታል። ሳይንሱም በዚህ ነገር ላይ ሁልጊዜ የጠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ፉልተን፥ ፕሌዊግና ክሊግማን 65 ሰዎችን በቸኮሌት ፈትነው ቸኮሌት ብጉርን አያባብስም ብለው አሳተሙ፤ ይህም ለብዙ ዓመታት «ምግብና ብጉር አይገናኙም» ለሚለው ትምህርት ማስረጃ ሆነ። ነገር ግን ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ሌላው ጣፋጭ ራሱ ስኳርና ስብ ያለበት ነበር። ሁለቱም ወገኖች ስኳር ከበሉ የስኳሩ ጉዳት በምን ይለያል? ከተፈተኑትም መካከል እስረኞች ነበሩበት፤ እስረኛ ደግሞ እምቢ የማለት ነጻነቱ ትንሽ ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ በወጣት ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ስኳርን በፍጥነት ወደ ደም የሚለቅ ምግብ ሲቀነስ ብጉሩ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው መወቀስ ያለበት ከቅቤው ይልቅ ለስላሳ መጠጡና ጣፋጩ መሆኑን ነው።

ቅቤ ሌላ መንገድ ግን አለው። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ጠጉራቸውን ዘወትር ወፍራም ቅባት በሚቀቡ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባር ላይ የሚወጣ ልዩ የብጉር ዓይነት ገለጹ። ከዚህ ተነሥተን ስናስብ፥ ጠጉሩን ለጋ ቅቤ ወይም ቫዝሊን የሚቀባ ሰው ብጉሩ በግንባሩና በጠጉሩ ዳር ብቻ ከሆነ የቀድሞ ልማዱን መተው ሳያስፈልገው ግንባሩን ከቅባቱ ቢጠብቅና ቅባቱን ከጠጉሩ ጫፍ ሳያሳልፍ ቢቀባ ይበጀዋል።

ሦስተኛውና የከፋው ነገር ቅባቱ ነው። የኮርቲዞን ግኝት እ.ኤ.አ. በ1950 ለኬንዳል፥ ለራይክሽታይንና ለሄንች የኖቤል ሽልማት አስገኘ። በ1952 ሰልዝበርገርና ዊተን ሃይድሮኮርቲዞን በቅባት መልክ ችፌን እንደሚያስታግሥ አሳዩ። ይህ ለቆዳ ሕክምና ታላቅ በረከት ነበር። በኋላ ግን እነ ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል የተባሉ እጅግ የበረቱ ዘሮች መጡ። በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥርም ገዢውን ያታልላል፤ 1 በመቶ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን ደካማው ሲሆን 0.05 በመቶ የሆነው ክሎቤታዞል ከሁሉ የበረታው ነው።

ፊቱ ያበጠበት ወጣት ይህን ብርቱ ቅባት ቢቀባ በጥቂት ቀን ውስጥ እብጠቱ ይሟሽሻል፥ ፊቱም ይፈካል። በዓሉን በደስታ ያከብራል፤ ለጓደኛውም ይመክራል። መቀባቱን በተወ ጊዜ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይቀባል፤ እንዲህ እያለ ወራት ያልፋሉ። ከዚያም ቆዳው ይሳሳል፥ የደም ሥሩ ይጋለጣል፥ ጠጉር ይበቅላል፥ ቅባቱ ራሱም አዲስ ብጉርና በአፍ ዙሪያ የሚወጣውን ችፌ ያመጣል። ሕመሙ ጭርት ከሆነ መልኩን ለውጦ ከሐኪሙ ዐይን ይሰወራል። ስለዚህ ቶሎ ማዳኑ የመድኃኒቱ ምስክር ሊሆን አይገባም። መቅባት ያቆመ ሰውም መጀመሪያ እንደሚብስበት አስቀድሞ ቢነገረው በትዕግሥት ያልፈዋል፤ ሳይነገረው የቀረ ግን ወደ ቱቦው ይመለሳል።

ታዲያ ትክክለኛው ሕክምና ምንድን ነው? ለቀላል ብጉር ከ2.5 እስከ 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፥ ወይም ማታ ማታ በስሱ የሚቀባ አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን ነው። የሚቀባውም እብጠቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚያወጣው ቦታ ሁሉ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የልብስና የትራስ ቀለም ያስለቅቃል። ውጤቱ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው፤ ለበዓል የፈለገው ሰው ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ መጀመር አለበት ማለት ነው። ብግነቱ ለበረታበት ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ሊጨምርለት ይችላል፤ ለብቻውና ለረጅም ጊዜ ግን አይሰጥም። ጠባሳ ለሚተው ከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን አለ፤ ይህ ግን ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ቁጥጥር አይወሰድም። ትሬቲኖይንና አዳፓሊንም ለነፍሰ ጡር አይሆኑም።

ለችፌ ዋናው ሕክምና ያስቆጣውን ነገር ፈልጎ መተውና ቆዳውን በማያቃጥል ማለስለሻ መንከባከብ ነው። ለፎሮፎር መሰሉ ኬቶኮናዞል ይጠቅማል፤ ሃይድሮኮርቲዞንም ለጥቂት ቀናት ብቻ ሊጨመር ይችላል። ለአፍ ዙሪያው ግን መጀመሪያው መድኃኒት ብርቱውን ቅባት መተው ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር ደግሞ አለ፤ መጭመቅና መፋቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሐዋሳም ፀሐዩ ያንን ምልክት ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጥላ፥ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከሕክምናው ይቆጠራሉ።

ከሁለቱም ያልሆነም አለ። ወራት አልፎት የማይድን፥ እያደር የሚሰፋ የፊት ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ይህም እንደ ኦቾሎ ባሉ የጋሞ ደጋዎችና በሌሎችም ከፍተኛ ቦታዎች፥ ሽኮኮ በሚኖርበት አካባቢ፥ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሕመም ነው። ስሜት ያጣ ፈዛዛ ቆዳ ወይም በጆሮና በፊት ላይ የሚወጣ የማያሳክክ እብጠት የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ሌላውንም የቆዳ ሕመም ያክማል፤ ታሪኩም የፊት ቆዳ ነገር የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያስታውሰናል። ሥጋ ደዌ በጊዜ ከታወቀ ይድናል፤ «ብጉር ነው» ተብሎ ከዘገየ ግን ነርቭ ይጎዳል።

ምናልባት አንባቢ «የቆዳ ሐኪም በየቀበሌው የለም፤ መድኃኒት ሻጩ ግን በየመንገዱ አለ፤ ምን ይደረግ?» ይል ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ስለዚህ ሂሳችን ሻጩን ለመስደብ የቀረበ አይደለም። ከመሸጡ በፊት ከላይ ያልናቸውን ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ ብርቱውንም ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለፊት አይስጥ እንላለን። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ የራሳችን ሥራ አለን። በባለቤቱ ፈቃድ፥ ማንነቱም ሳይገለጥ፥ የአገራችንን ሰው የቆዳ ሕመም በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ከነአማርኛውና ከነሲዳምኛው ስሙ መመዝገብ፥ ለሚቀጥለው ተማሪ ማስተላለፍ እንችላለን። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር ተማሪው የሌላ አገር ሰው ቅላት ሲፈልግ በፊቱ የቆመውን ሕመምተኛ ምልክት አያልፈውም።