የዊትቦይ ደብዳቤዎች፦ ነፃነት ለማን?

የጎሣ መሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጦር የጨበጠ ሰው ነው። የናማው መሪ ሄንድሪክ ዊትቦይ ግን ጠመንጃም ብዕርም ነበረው። ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ ጀርመኖች ቅኝ ግዛት ባደረጓት አገር፣ ከወዳጅም ከጠላትም ጋር የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች በመዝገብ ያስቀምጥ ነበር። መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1929 ኬፕታውን ላይ ታትሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

የመዝገቡ ዋና ጉዳይ «ጥበቃ» የምትለው ቃል ናት። ዊትቦይ በ1890 ለሄሬሮው መሪ ለማሃሬሮ ሲጽፍ፣ የጀርመንን ጥበቃ በመቀበሉ አጥብቆ ይገሥጸዋል። ክርክሩ ግልጽ ነው። በሌላ መንግሥት ሥር የገባ መሪ በገዛ አገሩ አዛዥ መሆኑ ያከትማል፤ የናማና የሄሬሮ ጠብ ደግሞ የቤት ጠብ ነውና ባለቤቶቹ ይፈቱታል። ሰላምታው ትሑት፣ ፍርዱ ጽኑ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን አዘውትሮ ያነበበ ሰው መሆኑም ከአነጋገሩ ይታወቃል።

ለመሆኑ ማሃሬሮን ወደ ጀርመኖች የገፋው ማን ነበር? ከብቱን እየደጋገመ ይዘርፍበት የነበረው ራሱ ዊትቦይ አይደለምን? ደብዳቤውን ስናደንቅ ይህን መዝለል የለብንም። በእነዚህ ገጾች ነፃነት ማለት በመጀመሪያ የመሪው ወንበር ነው፤ የእረኛው ነፃነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የሐሳቡ ድክመት እዚህ ላይ ነው።

ያም ሆኖ ዊትቦይ በቃሉ ብቻ አልቀረም። በ1892 ከሄሬሮዎች ጋር ታረቀ። እርቁ ጀርመኖችን አሳሰባቸው፤ በሚያዝያ 1893 መንደሩን ሆርንክራንስን በድንገት ወረሩ። ከሞቱት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1894 ተሸንፎ፣ ማሃሬሮን የገሠጸበትን ያንኑ የጥበቃ ውል ራሱ ፈረመ። በ1904 ሄሬሮዎች ሲያምፁ እንኳ ለጀርመን ጦር ተዋጊዎች ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ግን ተመልሶ ጠመንጃውን አነሣ፤ በ1905 ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ በውጊያ ላይ ሞተ።

ዛሬ ምስሉ በናሚቢያ የገንዘብ ኖቶች ላይ ይታያል። በሆርንክራንስ የተዘረፈበት መጽሐፍ ቅዱስና አለንጋም በ2019 ከጀርመን ተመልሰዋል። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን በገንዘብ ላይ ያለው ፊት እንከን የለሽ ነው፤ የደብዳቤዎቹ ዊትቦይ ሌላ ነው። የጥበቃን ትርጉም ከሁሉ ቀድሞ ያየ፣ ያየውንም የፈረመ፣ ለፊርማውም በመጨረሻ ሕይወቱን የከፈለ ሰው ነው። ሊነበብ የሚገባው ይኸኛው ነው።